ሃያ የነበረው ቁጥር

እናቴ አልጋ ከያዘች ጀምሮ አንድም የሕንፃችን ሰው ደጃችንን ረግጦ አያውቅም ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ጠዋት ጠዋት በሩ ይንኳኳ ጀመር። «እማማ እንዴት አደሩ?» ይሉኛል። «ደህና አድራለች» ስላቸው ፊታቸው ጠቆር ይላል። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ሞኟ!

ነገሩ የመጣው ከውሃ ነው። ቧንቧው ከደረቀ ቆይቷል፤ ግቢ ውስጥ ያለውን ታንከር የሚሞላልን ቦቴ ነው። ድሮ በየበሩ እኩል እንቀዳ ስለነበር ለእኔና ለእናቴ ይተርፈን ነበር። የእናቴ ጀርባ ከመተኛት ብዛት ቆስሏል፤ በየቀኑ ካልታጠበ ያመረቅዛል። ልጅ የበዛባቸው ግን አጉረመረሙ፤ እውነታቸውን ነው። በሰው ቁጥር ይሁን ተባለ፤ ስንቆጠር ሃያ ሆንን።

ያኔ ምድር ቤት የሚኖረው የሂሳብ መምህር ከታንከሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ ጻፈ፤ ከሥሩ አሰመረ፤ ከመስመሩ ሥር ሃያ ጻፈ። «ከሙሉ ታንከር የእያንዳንዳችን ድርሻ አንድ ሃያኛ ነው» አለ። ሁላችንም ጎበዝ ተማሪ ይመስል ራሳችንን ነቀነቅን።

ቦቴው ታንከሩን ግማሽ ብቻ ሞልቶ የሄደ ዕለት የአናጢው ሚስት ጮኸች። «ድርሻችንን ምን በላው?»

«ላዕሉ ነዋ፣ ውሃው ቀነሰ» አለ መምህሩ። «ላይኛው ሲያንስ የሁላችንም ድርሻ ያንሳል። ታህቱ፣ ታችኛው ማለት ነው፣ ሲበዛም ያው ነው።»

«እንዲጨምርስ?» አለ አናጢው።

«ወይ ላይኛው ይጨምራል፣ ወይ ታችኛው ይቀንሳል። ላይኛው ያለው በቦቴው እጅ ነው።»

ታችኛው በማን እጅ እንዳለ ማንም አልጠየቀም።

ብዙም ሳይቆይ የሕንፃችን ዘበኛ አባት ሞቱ። እድሜ የጠገቡ ሰው ስለነበሩ ነገሬ ያለው የለም። በተቀበሩ ማግስት መምህሩ ሃያውን በመዳፉ ጠርጎ አስራ ዘጠኝ ጻፈ። የጀሪካኔ ውሃ ከወትሮው በጣት ከፍ ብሎ ነበር። አናጢው የራሱን ጀሪካን እያየ «እውነትም ይጨምራል!» አለ፤ ዘበኛው አጠገቡ ቆሞ። ያቺን የጣት ውሃ ግን እኔም አልደፋኋትም።

ሰላምታው የበዛው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁሉም ከአንገት በላይ። የአናጢው ሚስት ትራስ ይዛ መጣች፤ «ለእማማ ይመቻቸዋል» አለች። ዓይኗ ግን እናቴ ደረት ላይ ነበር፤ ትንፋሿን ትቆጥር ይመስለኛል። ባሏ ደግሞ የበራችንን ወርድ በስንዝር ለካ።

«ምነው ጋሼ? ቁልፉን ሊሠሩልኝ ነው?» አልኩት። በሩ ከውስጥም ከውጭም አልቆለፍ ካለ ሰንብቷል፤ አናጢው ዛሬ ነገ እያለኝ ነበር።

«ቁልፉስ ይደርሳል። በሩ ጠበበ፤ አንድ ቀን ያስቸግርሻል» ብሎኝ ወረደ።

እናቴ ከአልጋዋ ሰምታለች። እህል ሩብና ግማሽ እየሰፈረች ስትሸጥ የኖረች ሴት፣ ለክፍልፋይ መምህር አያሻትም። «ልጄ፣ እኔን ብቻዬን ትተሽኝ አትውረጂ» አለች።

«ታዲያ ውሃውን ማን ያምጣልሽ?» ብዬ ተቆጣኋት።

ዛሬ ጠዋት ፊቷን አብሼ፣ ትራሷን አስተካክዬ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ወረድኩ። ሰልፈኛው ስደርስ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። ግድግዳው ላይ አስራ ስምንት ተጽፏል፤ የጠመኔው ብናኝ ገና መሬት ላይ ነው።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ዘበኛው አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ የአናጢው ሚስት አቀርቅራለች። አናጢው የለም።

«መምህር፣ ማን ሞተ?»

«እኔ የነገሩኝን ነው የጻፍኩት፣ እህቴ» አለ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

ጀሪካኑን ጥዬ ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ገርበብ ያደረግኩት በር ተዘግቷል። «እማዬ!» ብዬ ገፋሁት። ከወዲያ በኩል ሰው ደግፎታል።