የመርፌ ሜትርና ያጠረው ድልድይ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «መርፌ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በሙያው እንዳይመስላችሁ፤ በቅጥነቱ ነው። ነፋስ በበረታ ቀን ባለሱቋ ጎረቤቱ «መርፌ፣ ዛሬ ኪስህ ውስጥ ድንጋይ ጨምረህ ውጣ» ትለዋለች። እሱም አይቀየምም። «ወፍራም መርፌ ጆንያ እንጂ ልብስ አይሰፋም» ብሎ ይመልስላታል፤ ባለሱቋ ወፈር ያለች ስለሆነች ነገሩ የት እንዳረፈ ሁለቱም ያውቁታል።

መርፌ ካንገቱ የማትወርድ አንዲት ቢጫ ሜትር አለችው። ታዲያ ይህች ሜትር አንድ ጉድ አለባት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጋለ ካውያ ጫፏን አቃጠለው፤ መርፌም የተቃጠለውን በመቀስ ቆርጦ ጣለው። ስለዚህ ሜትሯ የምትጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከአሥር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ ይገዛ ነበር። እሱ ግን «ለአሥር ሳንቲ ብዬ የለመድኳትን አልጥልም» አለና ከለካው ሁሉ ላይ አሥር እየቀነሰ መጻፍ ጀመረ። ወገቡ ዘጠና ከሆነ ሰማንያ፣ ቁመቱ መቶ አሥር ከሆነ መቶ። ውሎ ሲያድር ማሰቡ ቀርቶ እጁ ራሱ የሚቀንስ ሆነ። ይህን የሚያውቁት እሱና ታላቅ እህቱ ብቻ ነበሩ።

ታላቅ እህቱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ትንሹም ትልቁም «እትዬ» ይላቸዋል። እግራቸው ከከዳቸው አምስት ዓመት ሆኖታል፤ የሚንቀሳቀሱት በባለጎማ ወንበር ነው። እግር ከዳ እንጂ አንደበት አልከዳም። አርባ ዓመት ያስተማሩበት ድምፅ እንኳን ለቤት ለመንደርም ይተርፋል።

ችግሩ ቦዩ ነው። የመርፌና የእትዬ ቤት ከቦዩ ወዲህ፣ ዋናው መንገድና የሰፈሩ አዳራሽ ከቦዩ ወዲያ ናቸው። ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ስምንት ወር አለፈው። እግር ያለው ሰው በላይ በኩል ዞሮ አርባ አንድ ደረጃ ወጥቶ፣ አርባ አንዱን መልሶ ወርዶ ይሻገራል። ጎማ ግን ደረጃ አያውቅም። ጎረምሶች ተሰብስበው «ተሸክመን እናሻግርዎ» ቢሏቸው፣ እትዬ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አዩአቸውና «እኔ የሽንኩርት ከረጢት አይደለሁም። የምወጣ ቀን በራሴ ጎማ ነው የምወጣው» አሉ። በዚያው ስምንት ወር በመስኮት ተቀመጡ።

ይባስ ብሎ ማንበብና መጻፍ ሊማሩ የተመዘገቡ አሥራ አንድ ጎልማሶች አሉ፤ አስተማሪያቸው እትዬ፣ ቦታው አዳራሹ። የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ደግሞ «እስከ ሰኞ ትምህርቱ ካልተጀመረ አዳራሹን የአሮጌ ወንበር መጋዘን እናደርገዋለን» ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ስለ ድልድዩ ሲጠየቅ ግን መልሱ ሁሌም «በጀቱ ሲለቀቅ» ነው።

«ምን አጥፍቶ ነው ያ በጀት እስካሁን የታሰረው?» አለች ባለሱቋ ጎረቤቱን ሰብስባ። «ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቅዳሜ ራሳችን እንሥራው። ብረት ያለው ብረት፣ ጣውላ ያለው ጣውላ፣ ምንም የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ።»

መርፌ በዚያች ቀን ቤቱ ገብቶ አፉን ሞልቶ «እትዬ፣ ሰኞ በራስሽ ጎማ ትሻገሪያለሽ» አለ።

«አንተ ነህ የምትሠራው?» አሉ እትዬ።

«እኔም አለሁበት።»

«እንግዲያው የመውጫ ቆቤን ከሳጥን ላውጣ» አሉ። በቀልድ የተናገሩት መስሎት ነበር፤ በማግስቱ ግን ቆቡ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየው። ያን ጊዜ ቀልድ አለመሆኑ ገባው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ፍንጣሪ» የሚሉት በያጅ ሁለት ወፍራም ብረት ይዞ መጣ። ፍንጣሪ እንደ በር የሰፋ ሰው ነው፤ ቁጥር እንደ ውኃ ያነባል፣ ፊደል ግን ገና ስለሆነ ከአሥራ አንዱ ተማሪዎች አንዱ ነው። ሽማግሌው ግንበኛ ከግንባታ መወጣጫ የተረፈውን ጣውላና ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ አመጣ። ባለሱቋ ሻይና ዳቦ ይዛ ከመምጣቷም በላይ ትእዛዝ ይዛ መጣች።

መርፌም እጅጌውን ሰብስቦ የብረቱን አንድ ጫፍ ያዘና አነሳ። ማለት፣ እሱ አነሳሁ ብሎ ነበር፤ ብረቱ ግን መነካቱንም አላወቀ።

«ተው ወንድሜ» አለች ባለሱቋ፣ «ትሰበርና ማን ይሰፋልናል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። መርፌም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ወደ መስኮቱ ሄደ። እትዬ ያያሉ።

ፍንጣሪ በብረት ሜትሩ ቦዩን ለካ። «ሦስት ሜትር ከሰማንያ!»

«ብረቱን አራት ሜትር ቁረጠው» አለ ግንበኛው። «በያንዳንዱ ዳር አሥር አሥር ሳንቲ ይቀመጥ።»

ፍንጣሪ ሜትሩን ሲጠቀልል ከእጁ ሾልኮ ጥልቅ ብሎ ቦዩ ውስጥ ገባ። ጭቃው ዋጠው። ሁሉም ጎንበስ ብሎ አየ፤ አረፋ ብቻ ነው ያየው።

መርፌ ያን ጊዜ ደረቱን ነፋ። ቀኑ መጣለት። «ምን ያስተክዛችኋል? ሜትርማ እኔ ዘንድ ምን ጠፍቶ!» አለና ቢጫዋን ካንገቱ አወረደ። ብረቱ ላይ ሊዘረጋት ሲንበረከክ ግን አንድ ደንበኛ ከሱቁ በር «ኧረ ሱሪዬን! መኪናው ሊሄድብኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። መርፌም ሜትሯን ለፍንጣሪ ሰጥቶ «በሷ ለካ፤ አሥራ አንድ ዓመት አሳፍራኝ አታውቅም» ብሎ ሮጠ። መናገር የነበረበትን አንዲት ነገር ሳይናገር ሮጠ።

ፍንጣሪ ለካ። መቶ ሃምሳ፤ ምልክት አደረገ። እንደገና መቶ ሃምሳ፤ ምልክት አደረገ። ከዚያ መቶ። አራት ሜትር ሞላ። መነጽሩን አድርጎ ሁለቱንም ብረት ቆረጣቸው፤ ብልጭታው እስከ ጣሪያ ዘለለ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ከዚያ ስምንት ሰው ሆነው የመጀመሪያውን ብረት ተሸክመው ወደ ቦዩ ወሰዱት። ወዲህኛው ጫፍ ዳሩ ላይ ቁጭ አለ። ወዲያኛው ጫፍ ግን ዳሩን ፈልጎ፣ ፈልጎ፣ አጣውና ጭቃው ውስጥ ጠለቀ።

«አጠረ» አለ ግንበኛው።

«እንዴት ያጥራል? አራት ሜትር ነው የቆረጥኩት!»

«ታዲያ ቦዩ ነው ያደገው?»

«ሻይ ስንጠጣ አብሮን ጠጥቶ አብጦ ይሆናል» አለች ባለሱቋ።

አንዱ «መቁጠር ከመቼ ወዲህ ነው የጀመርከው?» አለ፤ ሌላው «ቆይ ትምህርት ቤቱ ይከፈት፣ ያኔ ይለካል» ብሎ ጨመረበት። የፍንጣሪ ፊት ተለዋወጠ። ያ ሁሉ ቁመናው ሲያፍር እንደ ልጅ ነው። «የኔ እጅ ሁሌም አመድ አፋሽ ነው» አለና የመበየጃውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። «ሌላ በያጅ ፈልጉ። ከትምህርቱም ስሜን ሰርዙልኝ።»

መርፌ ሱሪውን አስረክቦ ሲመለስ ይህን ደረሰበት። እጁን በልማድ ወደ አንገቱ ሰደደ፤ ሜትሯ የለችም። ፍንጣሪ ጎን ተንጠልጥላ አያት። ሦስት ጊዜ መዘርጋት፤ ሦስት ጊዜ አሥር፤ ሠላሳ ሳንቲ። 

ማንም አያውቅም። ዝም ቢል ዝም ብሎ ይቀር ነበር፤ ዝም አይነቅዝም። ቀና ቢል እትዬ በመስኮቱ ሆነው እያዩት ነው። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነገሩን ቀድሞ ሠርቶ ጨርሶታል። ግን መነጽራቸውን ብቻ አስተካከሉ።

«ፍንጣሪ፣ ገመድህን አስቀምጥ» አለ መርፌ። ድምፁ ቀጥኖ እሱን አከለ። «አንተ በትክክል ለክተሃል። ሜትሯ ናት... እኔ ነኝ። ሜትሯ ከአሥር ነው የምትጀምረው። እኔ እየቀነስኩ ነው የምጠቀምባት። ልነግርህ ሲገባኝ ረሳሁት።»

ግንበኛው ሜትሯን ተቀብሎ ጫፏን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «አሥር... አሥራ አንድ... እውነትም ራስ የላትም!»

 መጀመሪያ የተናገረችው ባለሱቋ ናት። «ቆይ ቆይ። ቀሚሴን ስትለካኝ ወገቤ ላይ ያየሁት ቁጥር...»

«ቀንሼ ነው የሰፋሁት፤ ልክሽ አይደለም እንዴ?»

«ልኬማ ልኬ ነው! አሥር ሳንቲ የወፈርኩ መስሎኝ ሁለት ወር ራት የተውኩትን ማን ይመልስልኝ?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ፍንጣሪ ብቻ አልሳቀም። ገመዱን እንደያዘ መርፌን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። «ዝም ብትል እኮ ማንም አያውቅብህም ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

«ሱሪ አለብህ።»

«እሰፋልሃለሁ።»

«በነፃ።»

«ከነኪሱ!»

ያን ጊዜ ፍንጣሪ ገመዱን መሬት ላይ ጣለና ሳቀ። ሲስቅ የሻይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

ሳቅ ግን ብረት አያስረዝምም። ሌላ ወፍራም ብረት የለም። «የተረፈውን ቀጥዬ ልበይደው እችላለሁ፤ ግን በተቀጠለ ብረት ላይ እትዬን አላሳልፍም» አለ ፍንጣሪ። ሁሉም ወደ ቦዩ እያየ ቆመ።

«አንተ ልጅ!» አለ ከመስኮቱ ያ ድምፅ። መርፌ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ «አንተ ልጅ» ሲባል ግን አሁንም ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ኮት ለደንበኛህ ቢያጥረው ምን ታደርጋለህ?»

«ጠርዙ ውስጥ የታጠፈ ካለ እለቀዋለሁ እትዬ።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለማ... ደንበኛው እንዲያጥር እጸልያለሁ።»

ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ። ግንበኛው ግን ከሳቁ መሃል ወጥቶ በሆዱ ተኛና የቦዩን ዳር በእጁ ዳሰሰ፤ ጭቃውን ጫር ጫር አደረገ። ሲነሳ ጢሙ ሁሉ ጭቃ ነበር።

«ይሄ ደንበኛ ያጥራል» አለ። «የድሮው ግንብ ድንጋይ እታች ተዘርግፎ ተኝቷል። ቦዩን ያሰፋው ጎርፉ ነው። በሁለቱም ዳር አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሳንቲ ብንገነባለት ሦስት ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ብረቱ ሲያርፍበት አሥር አሥር ይተርፈዋል።» ከዚያ ጢሙን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲያውም ልክ ቢሆንም ኖሮ ዳሩ የላላ አፈር ነው። ሳልዳስሰው ነው እሺ ያልኩት። ሜትሯን ብቻ አትስደቡ።»

ድንጋዩ ከጭቃው ወጣ፤ እጅ በእጅ ተቀባበሉት። አሁን መርፌ ሥራ አገኘ፤ በጠባቡ የድንጋይ ክፍተት ውስጥ የሚገባ ሌላ እጅ አልነበረምና ጠጠሩን እያስገባ የጠቀጠቀው እሱ ነው። ሳይመሽ ግንቡ ቆመ።

«ሰባት ቀን» አለ ግንበኛው። «ሲሚንቶ አይጣደፍም። ካጣደፉት ይቀየማል።»

መርፌ እንደ ጨርቅ ተኮማትሮ ቤቱ ገባ። «እትዬ፣ ሰኞ ብዬሽ ነበር...»

«ሰኞ ትምህርት ይጀመራል» አሉ እትዬ።

«ድልድዩ እኮ...»

«ከየት ሆኜ እንደማስተምር ለማን ተናገርኩ? ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል የመጨረሻውን ወንበር ያስደነገጥኩ ሰው ነኝ። ሦስት ሜትር ተኩል ምናት? ይልቅ ሰሌዳ ፈልግልኝ።»

ሰሌዳ ከየት ይምጣ? መርፌ ለኮት ያስቀመጠውን ጥቁር ጨርቅ በቦዩ ትይዩ ባለው የቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ወጥሮ ቸነከረው፤ የሚያሰምርበትን ነጭ ጠመኔም ሰጣቸው። ሰኞ አሥራ አንዱ ተማሪዎች የአዳራሹን አግዳሚ ወንበሮች በረንዳው ላይ አውጥተው ፊታቸውን ወደ ቦዩ አዙረው ተቀመጡ። እትዬ ከወዲህ ሆነው «ሀ!» ሲሉ ከወዲያ አሥራ አንድ ድምፅ «ሀ!» ይላል። መንገደኛው ቆሞ አብሮ ይላል። የፍንጣሪ «ሀ» ደግሞ ከሁሉም በልጦ ርግቦቹን ከጣሪያው አስነሳ።

በዚህ መሃል የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ደረሰ። ተማሪዎቹን ቆጠረ፤ አዳራሹን አጮልቆ አየ። «መምህሯ የሉም እንዴ?»

«እዚህ ነኝ!» አሉ እትዬ ከማዶ። «አርፍደዋል። ቁጭ ይበሉ!»

ሰውዬው ሳያስበው ቁጭ አለ። ከፍንጣሪ ጎን ተጣቦ እስከ «መ» ድረስ ተማረ፤ ሲወጣም መዝገቡ ላይ «ተጀምሯል» ብሎ ጻፈ።

በስምንተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ብረቱ ተቀመጠ። በዚህም ዳር አሥር፣ በዚያም ዳር አሥር። ጣውላው ተመታ፤ ፍንጣሪ መደገፊያውን በየደው። እትዬ የታጠበውን ቆብ አድርገው ከቤታቸው ወጡ። መርፌ ከኋላ ሆኖ እጆቹን ዘርግቶ ተከተላቸው።

«እንዳትነካኝ» አሉ ዘወር ሳይሉ።

«አልነካሁሽም።»

«ልትነካኝ አስበሃል።»

ጎማው ጣውላው ላይ ኳ ኳ እያለ ሄደ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። 

«ምነው እትዬ? ተያዘብዎ?» አለ ፍንጣሪ።

«ምንም አልተያዘብኝ። ስምንት ወር ከመስኮት ብቻ ያየሁትን ውኃ ከታቼ እያየሁት ነው። አታጣድፉኝ።»

አላጣደፏቸውም። በፈለጉበት ጊዜ ጎማቸውን ገፉ፤ ማዶ ደረሱ፤ አዳራሹም ገቡ። መርፌ ድልድዩ መሃል ብቻውን ቀረና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ባለሱቋ አይታዋለች፤ ለዚያን ቀን ግን ማረችው።

ተማሪዎቹ አዋጥተው ለመርፌ ከዜሮ የምትጀምር አዲስ ሜትር ገዙለት። አሮጌዋን እትዬ ወስደው አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀሏት። መርፌም ቃሉን አክብሮ በአዲሷ ሜትር ፍንጣሪን ለክቶ፣ ሱሪውን ከነኪሱ ሰፍቶ፣ ተኩሶ አደረሰለት። ፍንጣሪ እዚያው ትምህርቱ ቦታ ለበሰው።

ወገቡ አልቆለፍ አለ። ርዝመቱም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አንድ እጅ ሙሉ ቀረ። ሁሉም ቁልቁል አየ።

«አንተ ልጅ» አሉ እትዬ ከሰሌዳው ዘወር ብለው፣ «በአዲሷም ቀነስክ?»

መርፌ እጁን አየ፤ እጁ ራሱ የሚቀንስ እጅ ነው። ፍንጣሪ ግን አልተቆጣም። አንዱን እግሩን ወንበር ላይ አወጣና ወደ ኋላ ተጣራ።

«ግንበኛውን ጥሩልኝ። ደንበኛው ይጠር!»