በካርቶን የመጡ አራት እርግቦች

ከፈለኝ አናጺው ጡረታ የሚባለው ነገር አልሆነለትም። ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ማርፈድ አይችልም። ምንም ጉዳይ ሳይኖረው ከሚዛን እስከ አማን በእግሩ ደርሶ ይመለሳል። ሚስቱ አስካለች እጁ ሥራ ሲያጣ እግሩን ያሠራዋል እያለች ትቀልድበታለች።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ሐፍሳ ቤቱ መጣች። አማን ዳር ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ውስጥ የንጽህና ባለሙያ ናት። ግቢ ብትባልም አልገባ አለች፤ በር ላይ እንደቆመች ነገሩን ነገረችው። የእናቶች ማቆያው ክፍል ኮርኒስ የእርግብ ኩስ ከብዶት ቅዳሜ ዕለት ተንዶ አንድ አልጋ ላይ ወድቋል። ነፍሰ ጡሯ ሴት ፊቷን ልትታጠብ ወጣ ብላ ነው የተረፈችው። የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ሮቶ ሲከፈትም ላባና ኩስ ሞልቶት ተገኘ። ስለዚህ ዐርብ መርዝ የተነከረ በቆሎ ጣራው ላይና ግቢው ውስጥ ሊበተን ተወስኗል።

«የእርስዎን እርግቦች ዐርብ ዕለት በር ይዝጉባቸው፤ ይህን ልነግርዎ ነው የመጣሁት» አለችው።

አመስግኖ ሸኛት። ከዚያ በኋላ መቀመጥም መቆምም አቃተው። ወደ ጓሮ ሄደ፣ ተመለሰ፣ መላጊያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።

ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ጂማ ለጣራ ሥራ ሄዶ ሳለ አንድ ወዳጁ አራት እርግቦች ሰጥቶት ነበር። አንድያ ልጃቸው አግብታ የሄደችበት ዓመት ነው፤ ቤቱ ጭር ብሎባቸዋል። እርግቦቹን ካርቶን ውስጥ አድርጎ፣ መተንፈሻ በስቶለት፣ ከአውቶቡስ ወንበር ሥር ሸጉጦ አመጣቸው። የጫካው እርግብ በጫካው አለ እንጂ እንዲህ ከሰው ጣራ ሥር የሚያድር እርግብ በዚያን ጊዜ ሚዛን ከተማ ውስጥ አይቶ አያውቅም። ሳጥን ሠራላቸው፣ ጠዋትና ማታ በቆሎ በተነላቸው። ተዋለዱ። ሳጥኑ ሲጠባቸው ወፍጮ ቤቱ ላይ፣ መናኸሪያው ላይ፣ በኋላም ጤና ጣቢያው ላይ ሠፈሩ። የጤና ጣቢያውንም ጣራ የሠራው ራሱ ነበር፤ አየር እንዲገባ ብሎ በጣራውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍክፍ ክፍት የተወው እሱ ነው። ዛሬ የከተማው ሰው እርግቦቹ ድሮም የነበሩ ይመስለዋል። ማን እንዳመጣቸው የሚያውቁት እሱና አስካለች ብቻ ናቸው።

ማክሰኞ ሳይነጋጋ ተነስቶ አማን ወረደ። ሐፍሳ ሥራ እስክትገባ ድረስ የጤና ጣቢያውን አጥር ሦስት ጊዜ ዞረው።

«የኔን ብቻ ልዝጋ ብል የሚሆን አይደለም» አላት። «ሁሉም የኔ ናቸው።»

የሚቀልድ መስሏት ነበር። የካርቶኑን ነገር ሲነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

«ሰው ሲወዳቸው ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፣ ልጄ። አሁን መርዙን ተዉት፤ ጣራውን እኔ እዘጋዋለሁ።»

ሐፍሳም መርዙን አልወደደችውም ነበር። የጎረቤት ዶሮ ይለቅመዋል፣ የሞተችውን እርግብ ድመትና ጭልፊት ይበላታል ብላ ስብሰባው ላይ ተከራክራ ተሸንፋለች። አሁን ጣራውን የሚዘጋ ሰው ስታገኝ ወደ ኃላፊው ገብታ የሦስት ሳምንት ጊዜ ለምና አገኘችለት። ለእሱም ቁርጡን ነገረችው፤ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ፍሬ በቆሎ መበተን የለም። ወፍጮ ቤቱም ግቢውን በየቀኑ እንዲጠርግ ታደርጋለች፤ መብል እስካለ ድረስ ቀዳዳ መድፈን ብቻውን ፋይዳ የለውም።

ከፈለኝ አፉን በማስክ ሸፍኖ ዐሥራ አንድ ቀን ሠራ። ኩሱን በውኃ እያራሰ በጆንያ አወረደው፤ ክፍክፉን ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት መታው። ከመዝጋቱ በፊት ያገኘውን ጎጆ ሁሉ አነሳ። በስተ ምሥራቅ በኩል ግን ከወፍራሙ አግዳሚ በስተ ጀርባ ሰውነቱን አላሳልፍ ያለው አንድ ጥግ ነበር። ዝናቡ ጠቁሮ መጥቷል፣ ነፋሱ መሰላሉን ይነቀንቀዋል። ባዶ ነው ብሎ ራሱን አሳመነና የመጨረሻውን ምስማር መታ።

በማግስቱ ሌሎቹ እርግቦች ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲበተኑ ጥቂቶቹ ከዚያች ጥግ አልሄድ አሉ። በደረታቸው ወንፊቱን ይመታሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተመልሰው ይመታሉ። ሐፍሳ ሲደክማቸው ይተዉታል አለችው። ቤቱ ሄደ፣ ምሳው ሲቀርብለት ሳይበላ ተመልሶ መጣ፣ እንደገና ሄደ። አስካለች ምን እንደሆነ ብትጠይቀው ጣራውን ላየው ነው አላት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማንንም ሳያስፈቅድ ጣራው ላይ ወጥቶ ምስማሮቹን በጉጠት ነቀለና በወንፊቱ ሥር እጁን እስከ ትከሻው ሰደደ።

ዐሥራ አንድ ጫጩቶች አወጣ። ሰባቱ ደርቀዋል። አራቱ ገና ይተነፍሱ ነበር፤ ላባቸው አልሞላም፣ አንገታቸውን መያዝ አቅቷቸዋል። ቆርቆሮው ላይ ቁጭ ብሎ ኮፍያው ውስጥ ከተታቸው። ባዶ ራሱን ካፊያ ሲመታው አልታወቀውም።

ሐፍሳ ከታች ሆና አየችው። ሲወርድ ኮፍያውን ዘረጋላት።

«ጥጉን አላየሁትም። ማየት ነበረብኝ፤ ቸኮልኩ።»

እሷም ሲደክማቸው ይተዉታል ያለችውን አስታወሰች፤ መጥረጊያ አንስታ ወደ መሰላሉ ሄደች። ከዚያ ሁለቱም አብረው ጥጉን ጠርገው ዘጉት።

ከአራቱ ሁለቱ ያንኑ ዕለት ሞቱ። ሁለቱን አስካለች አጥሚት በጠብታ እያጎረሰች አተረፈቻቸው። እሱ ግን ሲያያቸው ደስታ አልሰጡትም፤ ነገ በርረው የት እንደሚገቡ፣ ስንት እንደሚሆኑ ያሰላል። ሐፍሳን ምን ይሻላል ብሎ ጠየቃት። ያነበበችውን ነገረችው፤ እርግብን ቤት ሠርተው ሲያስገቧት እንቁላሏን ማግኘት ይቻላል። ብቻ ዝም ብለው ከወሰዱባት ሌላ ትጥላለች፤ በምትኩ ሐሰተኛ ካስቀመጡላት ታቅፋው ትቀመጣለች።

ይህ የእሱ ሙያ ነበር። ከጎረቤት ማሳ የተጎነደለ ያረጀ የቡና ግንድ ለምኖ እንቁላል ይጠርብ ጀመር። ጠርቦ በሞረድ ያለሰልሳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ እጁ ውስጥ መዝኖ ካልተስማማው ይጥለዋል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ባለቤቱ በፈቀዱለት ቦታ፣ በአራት ቋሚ ላይ ስድሳ ክፍል ያለው የእርግብ ቤት አቆመ። ማደሪያ ያጡት እርግቦች ቀስ በቀስ ገቡለት። በየቅዳሜው መሰላሉን አስደግፎ ይወጣል፤ ሞቃቱን እንቁላል ያነሳል፣ የእንጨቱን ያስቀምጣል። እንቁላሉ ከተጣለ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ውስጡ ነፍስ እንዳለ እያወቀ ማንሳት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ቅዳሜ አያመልጠውም።

መርዙ ሳይበተን ቀረ። በዓመቱ ሐፍሳ ስትቆጥር ከሁለት መቶ በላይ የነበሩት ሰማንያ ገደማ ሆነዋል። የእናቶች ማቆያውም ኮርኒስ ታድሶ ሮቶው ንጹሕ ውኃ ይይዛል። ሰው ያመሰግነዋል፤ እሱ ግን ምስጋናውን ቆሞ አይሰማም።

ባለፈው ጥር የአስካለች እህት ልጇን ስትድር አብረው ቦንጋ ሄዱ። ሠርጉ ሐሙስ ነበር፤ ዘመዶቹ እስከ እሑድ ቆዩ ብለው ያዟቸው። ዐርብ ማለዳ አስካለች ስትነቃ ጫማውን አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«አንድ ቅዳሜ ቢቀር ምን ይሆናል?» አለችው።

«አንድ ቅዳሜ ሃያ ጫጩት ነው።»

ተቆጣች፤ ሆኖም አልከለከለችውም። የመንገድ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችው። ከፈለኝ መናኸሪያ ሲደርስ የመጀመሪያው የሚዛን መኪና ገና አልሞላም ነበር። ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም፤ እስኪሞላ ድረስ በመኪናው ዙሪያ ሲዞር ቆየ።