የኮማንደር ነጎድጓድ ድምፅ

አባቴ የሚልካቸውን የድምፅ መልእክቶች ራሱ ሰምቷቸው አያውቅም። የሚሰማው ሌላው ሰው ነው፤ አበሳውን የሚያየው።

እዚህ ሰው አገር ባቋቋምነው እድር የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው አለ። ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ ማለቴ አባባ፣ ሊቀመንበር ነው። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን አፉ ላይ ይደቅንና "ውድ ወገኖቼ" ብሎ ይጀምራል። ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ ሰዓት ማክበር፣ ስለ ልጆች አለባበስ። ይልካል፣ ይረሳል። ሰዉ መኪናው ውስጥ እየሰማ ይስቅበታል፤ ፊት ለፊት ሲያገኘው ግን "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን" ነው።

የምወደው ልጅ ኖላዊ ግራንድ ፕሬሪ በሚባል ከተማ፣ ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በወጉ ሽማግሌ ላከ። አባባ ሽማግሌዎቹን ጥብስ አብልቶ ሸኛቸውና በማግስቱ መልሱን ለግሩፑ ላከው። "ውድ ወገኖቼ፣ ትናንት ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር። ሳጥን ተሸካሚ ልጄን ጠየቀኝ። አንተ ማን ነህና? ሰው አቅሙን ይወቅ እንጂ።" እሱ ራሱ ግሬፕቫይን ከተማ ያለ ሆቴል በር ላይ ቆሞ የሰው ሻንጣ ይቀበላል፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው። ኖላዊ ያን ቀን "ኦኬ፣ ኦኬ" ብሎ መልእክቱን ስልኩ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ላይ ተተከለ።

ለእንቁጣጣሽ ፕሮግራም፣ ቤድፎርድ በተከራየነው አዳራሽ፣ ለልጆች ብሎ የሠራውን አጭር ካርቱን አሳየ። ኮማንደር ነጎድጓድ የሚባል፣ ደረቱን ሜዳሊያ የሞላው፣ እግረ ቀጭን የጠፈር ጀግና አንዲት ድንክ ፕላኔት ላይ ያርፋል። እዚያ የሚኖረው አንድ አረንጓዴ ፍጡር ብቻ ነው፤ ሳጥን ተሸክሟል። ኮማንደሩ ባንዲራውን ተከለና "ውድ ወገኖቼ" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ድምፁ የአባባ ነው። ኖላዊ ከግሩፑ መልእክቶች ወስዶ ትንሽ አቅጥኖታል እንጂ ቃሉ አንድም አልተለወጠም። ኮማንደሩ "አንተ ማን ነህና?" እያለ ሲደነፋ፣ አረንጓዴው የኮማንደሩን መንኮራኩር እየፈታ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ቀጥሎ ሜዳሊያውን፣ ቀጥሎ ሱሪውን። መጨረሻ ላይ ኮማንደሩ በሙታንታ ብቻውን ቀርቶ ስለ ሰዓት ማክበር ይናገራል። እትዬ ታደለች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው እንባቸው ይወርዳል።

ከሁሉም በላይ የሳቀው ግን አባባ ነው። የገዛ ድምፁን አላወቀውም። "ይሄ ደደብ ማነው? እንዲህ ዓይነት ሰው አውቃለሁ እኮ" እያለ ጭኑን ይመታል።

ሲያልቅ መድረክ ላይ ወጥቶ ማይኩን ያዘ። "ይሄን ልጅ ንቄው ነበር" አለ። "ሰው ሲሳሳት መታረም አለበት። ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነው። ሃይሚን ሰጥቼዋለሁ።" ሴቶቹ ወደ እኔ እያዩ እልል አሉ። አባባ ኖላዊን አቅፎ ሳመው።

ከዚህ በኋላ ኖላዊ ማድረግ የነበረበት አፉን መዝጋት ብቻ ነው። በዓይኔ ለመንኩት። እሱ ግን የሚያየው ሰዉን ነበር፤ ሰዉ ደግሞ ሳቁን አፍኖ ይጠብቀዋል።

"ጋሼ" አለ በትህትና፣ "ድምፁ እኮ የእርስዎ ነው።" ስልኩን ወደ ማይኩ አስጠጋና ያንን ስለ ሳጥን ተሸካሚ የሚለውን የአባባን መልእክት ከፈተው።

እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ ሳይቀሩ ሳቁ። አባባ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ የማይኩን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ኖላዊ ለሰዉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ወደ እኔ አንዴ እንኳ አልዞረም። እኔን ሰጥተውት ሳቁን መረጠ።

አባባን በመኪና ወደ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቀበቶውን ማሰር አቅቶት አሰርኩለት። ሃይዌይ ስንገባ ወደ እኔ ዞረ።

"ሃይሚዬ" አለኝ፣ "ድምፄ የእውነት እንደዚያ ነው?"

"ኮምፒውተር ነው የለወጠው" ብዬ ብመልስለት ያምነኝ ነበር። ግን ነድጄ ነበር፤ ኖላዊ ደግሞ አጠገቤ የለም። አጠገቤ ያለው አባባ ነው።

"አዎ" አልኩት። "ሁሌም እንደዚያ ነው። ሁሉም ያውቃል።"