በጆሮዋ ያነበበች ብላቴና

የሰው ልቡና በሮቹ ብዙዎች ናቸው፤ ጥበብም ለአንዱ በዓይኑ፣ ለአንዱ በጆሮው፣ ለአንዱም በእጁ ዳሰሳ ስትገባለት ትኖራለች። ይሁን እንጂ መምህራንና ወላጆች ነን የምንል ሁሉ፣ እኛ በገባንበት በር ያልገባውን ሕፃን ከደጅ እንደ ቀረ እንቈጥረዋለን፤ ቈጥረንም አንተወውም፣ ሰነፍ የሚል ስም አውጥተን ስሙን በአርጩሜ እናጸናለታለን። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በደል ንጹሕ ነኝ የምትል ከሆነ እሰየው፤ ነገር ግን ይህ የምነግርህ ታሪክ ንጹሕ ነኝ ብለው ሠላሳ ዓመት የኖሩ የአንድ ደግ ሰው ታሪክ ነውና ቸኩለህ አትማል።

የኔታ ጥዑመ ልሳን በአንዲት የገጠር ደብር ቅጽር ውስጥ፣ ከሟቹ መምህራቸው በወረሱት ወንበር ተቀምጠው አርባ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቈጥሩ፣ ቃላቸው የጣፈጠ፣ ምግባራቸው የታረመ ሊቅ ነበሩ። ልማዳቸውም ይህ ነበር፦ እርሳቸው ይሰጣሉ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ፤ ጩኸቱ አድማሱን ሲያናጋ፣ «እንዲህ ነው እንጂ መማር!» ብለው ጢማቸውን ያሻሻሉ። ከልጆቹ ሁሉ ደግሞ የግራዝማች አዳፍሬ አንዲት ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ትርንጎ፣ ድምፀ መረዋ፣ ቃለ ጥሩ ነበረች። የስንደዶ ማመልከቻዋን በገበታው ላይ እያስኬደች ከሀ እስከ ፐ ያለ አንዲት እንቅፋት ስትወርደው ሰምተው የማይጠግቡት የኔታ፣ በጥቅምት ወር ለአባቷ «ልጅዎ ፊደል ጨርሳለችና ድግሱን ያሰናዱ» ብለው ላኩባቸው። ልጅ ከፊደል ወደ ንባብ በሚሻገርበት ቀን ድፎ ዳቦና ጠላ ወደ ቅጽሩ ማምጣት፣ ልጁም በእንግዶች ፊት ቆሞ መቍጠር የአገሩ ወግ ነበር።

ለዚያ ቀን ክብር ዲያቆኑ አዲስ ገበታ ጽፎ ነበር፤ በአንድ ፊቱ ፊደሉን በተራው፣ በሌላው ፊቱ ግን አቡጊዳን፣ ማለትም ተራው ሆነ ተብሎ የተፋለሰውን ፊደል አሰፈረበት። አቡጊዳን የቀደሙት አባቶች የሠሩት ሕፃኑ በዓይኑ ያውቅ እንደ ሆነ፣ ወይስ በአፉ ብቻ ያዜም እንደ ሆነ ይፈትኑበት ዘንድ ነበር፤ የኔታ ግን «ጊዜ ማባከኛ» ብለው ከተዉት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በድግሱ ግርግር መካከል አቡጊዳው በስሕተት ወደ ፊት ሆኖ ተሰቀለ። ትርንጎም ተነሥታ፣ እጅ ነሥታ፣ ስንደዶዋን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አኑራ፣ በዚያ በሚያምር ድምፅዋ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ስትል፣ ከስንደዶው በታች የተጻፈው «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» ነበር። ወዮ! እርሷ ምን ታውቃለች፣ እስከ ሦስተኛው መስመር ድረስ ወረደችው። አስቀድሞ የሳቀው ቄሰ ገበዙ ነው፤ ከዚያ ዳሱ በሙሉ ሳቀ።

ግራዝማች ግን አልሳቁም። ፊታቸው ተለዋውጦ ተነሡና፣ «የኔታ፣ ልጄን በሰው ፊት መሳቂያ አደረጓት። ከነገ ጀምሮ ደጅ አትወጣም፤ ለጥምቀት እድራታለሁ፤ ጓዳ ፊደል አይጠይቅም» አሉ። ትርንጎም ወድቃ እግራቸውን ይዛ፣ «አባባ፣ ከፊደሉ አያስወጡኝ! እወዳቸዋለሁ እኮ፤ እነርሱ ናቸው ሳያቸው የሚሸሹኝ» አለች። ይህን ቃል የሰሙት የኔታ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጉልበቴ ሥር ተቀምጣ ፊደሉ ሲሸሻት እንዴት አላየሁም ብለው በራሳቸው አዘኑ። «ግራዝማች፣ ልጅቱ አልዋሸችም፤ ጥፋቱ ሳልመረምር ያመሰገንኋት የእኔ ነው። እስከ ጥምቀት ይታገሡኝ። እስከዚያ ካላነበበች እርስዎ የወደዱትን ያድርጉ፤ እኔም ከዚህ ወንበር እወርዳለሁ» ሲሉ በታደሙት ሽማግሌዎች ፊት ቃል ሰጡ፤ ግራዝማችም እያጕረመረሙ ተቀበሉ።

በማግሥቱ የኔታ ሰፊ የዋንዛ ቅጠል ቈርጠው፣ በመካከሉ አንዲት ፊደል የምታሳይ ቀዳዳ በስተው፣ በገበታው ላይ ወዲያና ወዲህ እያዘዋወሩ «ይህች ማን ናት?» እያሉ ጠየቋት። ያወቀቻትን በከሰል ነጥብ አመለከቱ፤ ያላወቀቻትን በዝምታ አለፉ። ከሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ፊደል በዓይኗ የለየችው አርባ ሦስቱን ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ መልካቸው የሚቀራረበውማ ሁሉ አንድ ሆኖ ይታያታል። ጆሮዋ ግን ድንቅ ነበር፤ ቃል ቢነግሯት በድምፅ በድምፅ ከፋፍላ ትመልሳለች። ስለዚህ የኔታ ጆሮዋን መሪ፣ እጇን ተከታይ አድርገው፣ በሰፌድ ላይ ዐመድ ነስንሰው፣ በቀን አራት ፊደል ብቻ፣ ድምፁን እያለች በጣቷ እንድትጽፍ አደረጉ። ያንኑ ቅጠል ለሌሎቹም ቢይዙላቸው፣ ከአርባው መካከል ስድስቱ እንደ እርሷ በዜማ የሚያልፉ ሆነው ተገኙ፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሥራው ግን የዋዛ አልነበረም። በታኅሣሥ አጋማሽ ትርንጎ ትናንት ያወቀችውን ዛሬ ጣለችው፤ በሦስተኛው ቀን የኔታ ትዕግሥታቸው አልቆ እጃቸው ወደ አርጩሜው ሄደ። ልጅቱ ትከሻዋን ስትሰበስብ አዩና አፍረው እጃቸውን መለሱ። «ዛሬ ይብቃን፤ ደክሞናል፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታግሠሻል» አሏት፤ እርሷም ሰፌዱን አልለቅ ብላ እስኪመሽ ድረስ ጻፈች።

በጥምቀት ዋዜማ ግራዝማች ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ፤ ገበታም ሆነ መጽሐፍ አልጠየቁም። ከብብታቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው፣ «ይህ ከአገረ ገዢው የደረሰኝ፣ ጸሐፊዬም ለእኔ ለብቻዬ ያነበበልኝ ነው፤ ከማንም አልሰማችውም፤ እስቲ ታንብብ» አሉ። ትርንጎ ወረቀቱን ተቀብላ ዘረጋችው፤ የኔታ የመቋሚያቸውን አንገት ጨምቀው ያዙ። ከዚያ በጣቷ እየተከተለች፣ እየቆመች፣ እየተመለሰች፣ ያለ አንዳች ዜማ እንዲህ አነበበች፦ «ይድረስ ከ… ግራዝማች አዳፍሬ። ለድልድዩ ሥራ ሦስት ጊዜ… ላክንብህ፤ ሦስት ጊዜ… ታመምሁ አልህ። ገበያ ስትውል ግን… ያዩህ አሉ።» ሽማግሌዎቹ ጕሮሯቸውን ጠረጉ፤ አንዱማ በነጠላው አፉን ሸፈነ። ግራዝማች «በቃሽ፣ በቃሽ! እሱው ነው! ለሚስቴም ያልነገርኋት ነው!» ብለው ወረቀቱን ነጠቁና፣ እንደ መሳቅም እንደ ማልቀስም አደረጋቸው።

ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔታ፣ እኔም በዚሁ ቅጽር ሁለት ዓመት ተቀምጬ ነበር። የዚያን ጊዜው መምህር ደንቆሮ ብለው በአርጩሜ ሲያባርሩኝ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ እኔም አመንኋቸው። ወረቀት በመጣ ቍጥር ዓይኔን አሞኛል እያልሁ ለጸሐፊ ስሰጥ አርባ ዓመት ኖርሁ። ለካስ ደንቆሮ አልነበርሁም፤ የጠየቀኝ ነው የጠፋው። ልጄን ግን አልድራትም፤ ትማር» አሉ። የኔታም ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ በግራዝማች ፊት አጐነበሱና «የዚያን መምህር ወንበር የወረስሁ እኔ ነኝ፤ በደሉንም ወርሻለሁና ሁለታችንንም ይቅር ይበሉን» አሉ። መምህር ሆይ፣ ደቀ መዝሙርህ አላወቀም ብለህ ከመፍረድህ አስቀድሞ፣ ማወቁን በምን እንደ ጠየቅኸው መርምር፤ ሳይመረመር የተፈረደበት ሕፃን ሸምግሎም ፍርዱን ተሸክሞ ይኖራልና።