ያልደረቀው ጣውላ

አዳነ የጡት ልጄ ነው። እኔና ባለቤቴ ወለተሩፋኤል ልጅ አልወለድንም። እሱ አናጺነት ሊለምድ እኔ ዘንድ በመጣ በሦስተኛው ዓመት፣ በሽማግሌዎች ፊት አውራ ጣቴን ማር ነክሬ አጠባሁት። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «አባዬ» ሲለኝ ኖረ።

ግንቦት ላይ ሶሊያና የምትባል ሴት ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለው የእንግዳ ማረፊያዋ ጠራችን። የጣውላ በረንዳው አራት ክረምት ወርዶበት፣ በጋውም አቃጥሎት አመድ መስሏል። በሳሙናና በብሩሽ ፈግፍገን ሻጋታውን አስለቀቅነው። ከዚህ በኋላ ያለው ትልቁ ሥራ መታገሥ ነው። ጣውላው ላይ ጠብታ ውሃ ጣል ይደረጋል፤ ከጠጣው ደርቋል፣ ከላይ ከቆመ ገና ነው። እርጥብ እንጨት ላይ ቫርኒሽ የሚቀባ አናጺ መጋዙን ይስቀል።

በማግስቱ የእህቴን ሞት አረዱኝና ወደ ኮላ ድባ ወረድኩ። አዳነን እስከምመለስ እንዳይነካው አደራ አልኩት። በሦስተኛው ቀን ስመለስ በረንዳው ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ነፋሱ አደረቀው አለኝ። ጥግ ላይ ያልተቀባ ጣውላ ስለነበረ ውሃ ጠብ አድርጌ ማየት እችል ነበር። ግን ሶሊያና ቆማ እያየች የገዛ ልጄን መፈተን ነውር መሰለኝ። እንዲያውም የሱ እጅ የኔ እጅ ነው ብዬ መሰከርኩለት። እኔ ጅል ሽማግሌ።

ሐምሌ ሳያልቅ ቫርኒሹ ተላጠ፣ ጣውላው ከሥር ጠቆረ። ሶሊያና አስጠራችኝ። ስደርስ አዳነ ቀድሞኝ አጠገቧ ቆሟል። እኔ አጣድፌ በእርጥቡ እንዳስቀባሁት ነግሯታል፤ የእድሳቱንም ሥራ በራሱ ስም ተቀብሏል። እውነት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ወደሱ ዞርኩ።

«አንተ ተናገር» አልኩት።

ዓይኑን ከጣውላው ሳያነሳ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ ጋሽ ሰውአገኝ፤ ተቀጣሪ ነኝ፣ ያዘዙኝን ሠራሁ» አለ።

ስለ ጣውላው የዋሸውን እችለው ነበር፤ ፈርቶ ነው ብዬ አልፈው ነበር። «ጋሽ ሰውአገኝ» ያለኝን ግን ምን ላድርገው? ሳልፈትሽ የመሰከርኩ እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የኔ ነው ብያት ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ወለተሩፋኤል ምሳ አቅርባ ትጠብቀናለች።

«ምነው፣ ልጅህን የት ተውከው?» አለችኝ።

«የቀጠርኩት ሰው ነው፤ ሥራ ለቀቀ» አልኳት።

አልገባትም። ድርሻውን ከድና አስቀመጠችለት።