ሳይወጋ የቀረው ማደንዘዣ

ሐኪሟ እጇ ፈጣን ነው፤ አፏም ከእጇ አይተናነስም። ሴቶች ለቀላል ቀዶ ሕክምና ጠዋት ገብተው ከምሳ በፊት በእግራቸው ወደ ቤታቸው የሚሄዱባት ያቺ የክሊኒኩ ጠባብ ክፍል ግዛቷ ናት። አሠራሯም የታወቀ ነው፤ ማደንዘዣውን ትወጋለች፣ እስኪሠራ ወጥታ ካርድ ትጽፋለች፣ ተመልሳ ትቆርጣለች።

የዚያን ቀን ዘጠኝ ሴቶች ተራ ይዘዋል። በመሃል ግን የክሊኒኩን አንሶላ የሚያጥቡትን እትዬን አስገባቻቸው። የማህፀናቸው አፍ ላይ የበቀለች ትንሽ እባጭ ስታደማቸው ከርማለች፤ እሳቸው ግን ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ ችለው ኖረዋል።

"ለእርስዎማ ምን ተራ ያስፈልጋል፣ የቤት ሰው አይደሉ?" ብላ ራሷ ደግፋ አልጋው ላይ አወጣቻቸው። በደግነቷ ደስ አላት።

ጓንቷን እንዳጠለቀች በሩ ተንኳኳ። ቀድማ የወጣችው ታካሚ አዙሯት ወድቃለች። ሮጣ ሄዳ አስተኛቻት፤ አብራት የምትሠራውን ሲስተር እዚያው ትታ ተመለሰችና ሌላ ጓንት አጠለቀች። ከውጭ ተመልሳ ከገባች መቁረጥ ነው፤ እጇ የለመደው ይህንኑ ነው። ቆረጠች፣ ሁለት ቦታም ሰፋች። እትዬ የአልጋውን ብረት ጨምድደው ይዘው ጣሪያውን ያያሉ።

"እንደ እርስዎ ያለ ጎበዝ ቢበዛልኝ" አለቻቸው።

ትሪውን ስታነሳ ነው ሲሪንጁን ከቁስል መሸፈኛው ጋዝ ሥር ያየችው። ማደንዘዣው እንደሞላ ነው። ክው አለች። ያያት ሰው የለም፤ ቆሻሻ ውስጥ ብትጥለው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እንዲህ በማሰቧ ብቻ ራሷን ጠላች።

እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ልብሳቸውን እየለበሱ ነው።

"እትዬ፣ ማደንዘዣውን ረስቼዋለሁ። ሳላደነዝዝ ነው የቆረጥኩዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። ቀጥላም፣ "ግን ምነው ዝም አሉኝ? ምነው አላስቆሙኝም?"

"መርፌው እንደቀረማ አውቄያለሁ" አሉ እትዬ የቀሚሳቸውን ቁልፍ እየቆለፉ። "አንሶላ ሳመጣ ሴቶቹን 'አሁን ትንሽ ወጋ ላደርግሽ ነው' ሲሏቸው እሰማለሁ።"

"ታዲያ?"

"እኔ ተራ አልያዝኩም። መርፌው ተራ ለያዙት ይሆናል ብዬ ነው።"

ሐኪሟ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ውጭ ሴቶቹ እየጠበቋት ነው፤ መነሳት ግን አቃታት።