ደቦ የተጠራላት ጀልባ

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው በአያ ወልደ ሥላሴ ግቢ፣ በበረቱና በጭድ ክምሩ መካከል፣ አንዲት ነጭ ጀልባ በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ዓባይ ከዚያ ሩቅ ነው። የመንደሩ ሰው ታዲያ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ቸኮለ፣ የጥፋት ውሃ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ይስቃል። ዶሮዎቹም መሪው ሥር እንቁላል መጣል ከጀመሩ ቆይተዋል።

ቸኮለ ግን አይስቅም። ጀልባዋ የእሱ ናት። በደኅናው ጊዜ ጢስ ዓባይ ላይ እንግዳ ያሻግርባት ነበር። ትንሽ ብትሆንም ነዳጅ ሲሰጧት አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ውሃውን የምትሰነጥቅ፣ ፈረንጆቹን የምታስጮህ ፈጣን ጀልባ ነበረች። አገሩ ሲታመስ እንግዳ ቀረ። ቸኮለም ጀልባዋን አይሱዙ ላይ ጭኖ፣ ሚስቱን ያይኔአበባን ይዞ አማቱ ግቢ ገባ።

ሚስት አግብቶ አማት ቤት መኖር ምን ማለት እንደሆነ ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ማንም ክፉ አይናገርህም። ያበሉሃል፣ ያጠጡሃል፣ «ያንተው ቤት ነው» ይሉሃል። አንተ ግን እንጀራ በቆረስህ ቁጥር ሰው እጅህን የሚያይብህ ይመስልሃል። ቸኮለ እዚያ ቤት አንድ ቀን እንኳ ጠግቦ በልቶ አያውቅም።

ሰሞኑን ከጢስ ዓባይ ስልክ ተደወለ። የድሮ የሥራ ጓደኛው መሐሪ ነበር። «ማሻገሪያው ሊከፈት ነው» አለው። «የራሱ ጀልባ ያለው ሰው ይፈልጋሉ። ግን ጠርዟ የተላጠ ጀልባ አንቀበልም ብለዋል። ጎማውን ቀይርና ሰኞ ሳያልፍ ድረስ። ከቀረህ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።»

ጎማ ያለው የጀልባዋን ወገብ ዙሪያውን የሚከበውን ጥቁር መቀነት ነው። ከድንጋይ ጋር ስትላተም ምቱን የሚችልላት እሱ ነው። የቸኮለ ጀልባ ጎማ ግን ግማሹ ተገሽልጦ፣ ግማሹ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቡሬ ገበያ ላስቲክ የሚነግደው ኑርሁሴን አዲሱን ከባሕር ዳር አፈላልጎ አስመጣለትና «በል፣ አላህ ወደ ውሃህ ይመልስህ» ብሎ አስታቀፈው። ያይኔአበባ የጎማውን ጥቅል ስታይ እልል ማለት ቃጣት፤ ወዲያው ዕቃዋን መሸካከፍ ጀመረች።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ አንድ ሕግ ግን አለው። ጀልባዋ ሁለት ክፍል ናት፤ ከታች ሆዷ፣ ከላይ ክዳኗ። ጎማውን የያዙት ብሎኖች ሁለቱንም ክፍሎች አንድ ላይ የያዙ ናቸው። ስለዚህ አንድ ክንድ ያህል ይፈታል፣ አዲሱ ይገባል፣ ይታሰራል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ከተፈታ ጀልባዋ የተሠራችበት ያረጀ ፋይበር ይላቀቃል፤ ከተላቀቀ ደግሞ እንደ ድሮው አይገጥምም። ቸኮለ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ ሊሠራው አስቦ ዓርብ ማታ ለአማቱ ነገራቸው። ባይነግራቸው ኖሮ!

«ብቻህን?» አሉ አያ ወልደ ሥላሴ። «እኔ በቁሜ አማቼ ብቻውን ይልፋ?»

«አይድከሙ አባቴ፣ ቀላል ነገር ናት።»

«ነገ ሚካኤል ነው፤ ሞፈር አይነካም፣ ሰዉም ቤቱ ነው። ደቦ እጠራለሁ።» በበዓል ሥራ ነውር ነው የሚል እንዳይመጣ ፍርዱንም አስቀድመው ሰጡ። «መሬት አልታረሰ፣ እህል አልተፈጨ! ብሎን መፍታት ምን ሥራ ይባላል?»

ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዞ መጣ፤ ያጣም ቢላዋ ይዞ መጣ። የሽማግሌው የአዊ ዘመዶችም በአገውኛ እየተቀላለዱ ደረሱ። አያ ወልደ ሥላሴ እንደ አጨዳ ሁለት ጎራ ከፍለው አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አሰለፉና «እስቲ ማን ይቀድማል!» ብለው አፎካከሯቸው። ብሎኑ እንደ በቆሎ ይረግፍ ጀመር።

«ኧረ ተዉ፣ አትድከሙ፣ እኔ ቀስ ብዬ እሠራዋለሁ» አለ ቸኮለ።

በዚህ አገር ደቦ የወጣለት ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ጨዋ ባለቤት «ይበቃችኋል» ይላል፤ ጨዋ ደቦኛ ደግሞ ይህን ሲሰማ ይብስ ይበረታል። ቸኮለ በለመነ ቁጥር «አቤት ጨዋነት!» እያሉ ፈጠኑ። ጮሆ «አቁሙ!» ማለት፣ እጃቸውን መያዝ ነበረበት። ይህን ያህል ጊዜ ያበሉትን ሽማግሌ፣ በጎረቤታቸው ፊት፣ ባስተባበሩት ደቦ ላይ? መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር።

«አባቴ፣ ሁሉም ከተፈታ እኮ…» አለ አንዴ።

«ይፈታልሃል፣ አታስብ!» አሉት ደስ ብሏቸው። «የቀረው ትንሽ ነው።»

የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ ክዳኗ ተነቃነቀ። አንዱ ቅን ሰው «ከነካናት አይቀር ውስጧንም እንጥረግለት» አለ። ዙሪያውን ከበው «በሉ፣ አንድ ላይ!» ብለው አነሱት። ያን ጊዜ ደረቅ ግንድ ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ክዳኗ ከአፍንጫዋ እስከ መሪው ተተረተረ፤ የሆዷም ጎን ወደ ውጭ ተከፈተ። ደንግጠው መለሱት፤ ቀዳዳዎቹ አልገናኝ አሉ። አንዱ በመጥረቢያ ጀርባ መትቶ ሊያገጥመው ሲል ሌላ ስባሪ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልመታም።

ለሚካኤል ማኅበር የተጠመቀው ጠላ ወጣ። ደቦኛን መጋበዝ የባለቤቱ ነው፤ ቸኮለም ማንቆርቆሪያውን ይዞ ዞረ። እየቀዳ «ጠጡ፣ ደክማችኋል» ይላል፤ ውስጡ ግን አልቆ ነበር። ይህን ሕዝብ ሊጠላው ፈለገና አቃተው። ከመካከላቸው አንድ እንኳ ክፉ ሰው ቢገኝ ሐዘኑ በቀለለው ነበር።

ጓዳ ሲገባ ያይኔአበባ የሸከፈችውን ዕቃ መልሳ እየፈታች ነው። «አፍ የለህም?» አለችው። «አንድ ቃል!»

«ብያለሁ።»

«አላልህም። ስሰማህ ነበር። አትድከሙ ነው ያልኸው።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ሰኞ ማታ ለመሐሪ ደወለ። መሐሪም «በቃ፣ ሌላ ሰው ይዘዋል» አለው። ቸኮለ ከዚያ ወዲህ ከተሰበረችው ጀልባው አጠገብ እየተቀመጠ ይውል ጀመር። ቢጠሩት አይሰማም፤ ቢያበሉት አይውጥም። አያ ወልደ ሥላሴ ይህን እያዩ ባለፉበት መንገድ ሁሉ «ልጄን ምን ላድርገው?» ይሉ ነበር።

አንድ ጠዋት ቸኮለ ሲነሳ ጀልባዋ በቦታዋ የለችም።

«ና፣ ና እይ!» አሉት አማቱ ከበረቱ በኩል። የጀልባዋን ሆድ ጎረቤት አሸክመው ወስደው፣ የተከፈተ ጎኗን በአዲሱ ጎማ ጠፍረው፣ ከበረቱ በር ላይ በጭቃ ደልድለው አስቀምጠዋታል። ውሃ ሞልተውባታል፤ ከብቶቹ ዙሪያዋን ከበው ይጠጣሉ።

«አየህ፣ ጠብ አትልም!» አሉ ሽማግሌው። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል፤ በሬውን ቸብ ቸብ ያደርጋሉ። «ከእንጨቱ ገንዳችን በስንት ጣዕሟ! እንዲያው ለከንቱ አልቀረችም። አንተም ከእንግዲህ የትም አትሄድም፤ ታች ያለውን ማሳ አብረን እናርሳለን። ልጄ አይደለህ?»

ከብቶቹ ጠጥተው ውሃውን አጎደሉት። አማቱ ፊቱን ፊቱን እያዩ ይጠብቁታል።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ደከሙ» አለ ቸኮለ። ከዚያም ባልዲውን አንስቶ፣ ለጀልባው ውሃ ሊቀዳላት ወደ ምንጩ ወረደ።